ባለ አራት መሳቢያው ሲቪ

ናሁሰናይ በእንጨት ሥራ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። አዳማ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ሲቪውን ያውቀዋል። ወይዘሮ ዘነቡ የእንጨት ሥራ ቤት ብቻ ሦስት ጊዜ አስገብቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ መልስ የለም። በዚህ መሀል ሌላ ቦታ ሁለቴ ተጠርቶ አልሄደም።

«ምን አለ እዚያ ቤት?» ሲሉት፣ «ዋንዛው ጥሩ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ ዋንዛው ጥሩ ነው።

መልስ ያጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ሲቪ የሚያስጽፈው አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ ስም ትቀይራለች እንጂ ሌላውን አትነካም። ስለዚህ ሁሉም ታታሪ፣ ሁሉም ታማኝ፣ ሁሉም በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል ነው። እንዲያውም አንዴ ናሁሰናይ «ጾታ፦ ሴት» ተብሎ ገብቷል፤ ወይ ጉድ!

ወይዘሮ ዘነቡም ቢሆኑ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው በቀላሉ የማያስገቡ ሴት ናቸው። ዲዛይኑን የምትሥልላቸው አንድ ልጃቸው ፍሬገነት ናት፤ ሌላ ዘመድ በሥራው የለበትም።

በአራተኛው ጊዜ ናሁሰናይ ወረቀቱን ተወው። ከዋንዛ ቁራጭ አራት መሳቢያ ያላት፣ ሚስማር ያልነካት ትንሽ ቁምሳጥን ሠራ። ወስዶም ወይዘሮ ዘነቡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሲቪዬ ነው፣ እትዬ።»

ቁጭ በል አላሉትም። እጁን አጣምሮ ቆመ።

የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳቡ፤ ዲፕሎማው ነው። በሁለተኛው «የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመት ደጅ ጥናት» ይላል። ከንፈራቸውን ነከሱ፣ እንዳይስቁ። በሦስተኛው «ምስክር፦ ከዚሁ ቤት ይጠየቅ።»

«ከዚህ ቤት ደግሞ ማን ያውቅሃል?»

ናሁሰናይ አንገቱን ደፋ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ፍሬገነት እርሳስ መቅረጽ ጀመረች። እርሳሱ የተቀረጸ ነበር።

አራተኛው መሳቢያ እጀታ የለውም። ወይዘሮ ዘነቡ ገፉት፣ በጥፍራቸው ሳቡት፣ በጥፊ መቱት፤ ወይ ፍንክች!

«ተጣብቋል እኮ! ይህን ይዘህ ነው ባለሙያ ነኝ የምትለኝ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ የጓጓለት ቤት እዚያው ቆሞ ሊያመልጠው ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ፍሬገነት ቀደመችው።

«እንደሱ አይደለም እማዬ፣ ቆይ» ብላ መጣችና፣ ሳታይ፣ የቁምሳጥኗን ጀርባ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። መሳቢያዋ ሹልክ ብላ ወጣች።

እናትየው ልጃቸውን አዩ፣ ናሁሰናይን አዩ።

«ይቺ ሳጥን» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ መምጣቷ አይደለም እንዴ?»

የፍሬገነት ጆሮዎች ቀሉ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ከመሳቢያው ያወጡትን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ዓላማ፦ እዚህ ቤት ገብቶ እስከ ሽበት መቆየት።»

ደግመው ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሠራተኞቹ ሰምተው አያውቁም። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቁምሳጥኗን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት።

«እጅህ ይባረክ፤ ሥራውን ሰኞ ጀምር» አሉት። «በአራተኛው መሳቢያ ላመለከትከው ግን፣ ልጄ፣ እኛ ቤት ሲቪ አንቀበልም። ሽማግሌ ላክ፤ የሚቀመጡበት ወንበር አናጣም።»