ጀርባውን ለጅብ የሰጠው አህያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። ላሟን ግን አትፈልጓት፤ በረቱን ኮሚቴ ከያዘው ቆይቷል።

ድሮ፣ እንስሳ እንደ ሰው በሚናገርበት፣ እንደ ሰውም በሚዋሽበት ዘመን፣ አያ ዳለቻ የሚባል ሽማግሌ አህያ ከሚስቱ ከእመት ቦራ ጋር በአንድ ጫካ ውስጥ ይኖር ነበር። በጫካው አንድ ምንጭ ነበረ። ውሃው ከድንጋይ ሥር ኩልል ብሎ ከሚወጣበት፣ ከላይ ከሜዳው ላይ የሚጠጡት፣ በጅብ ጦርነት ጊዜ ማዕረግና ኒሻን ያገኙ ጀግኖችና ቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበሩ። የቀረው ሕዝብ ገደሉን ቁልቁል ወርዶ፣ ጀግኖቹ ጠጥተው፣ ተጣጥበው፣ እግራቸውን ዘፍዝፈው የለቀቁትን ድፍርስ ይጠጣል። ሥርዓት ነዋ! ጀግና ያልታጠበበት ውሃ ደግሞ ምን ጣዕም አለው?

እመት ቦራ አርጅታለች። በክረምቱ ጭቃ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራታ ጉልበቷ ከተጎዳ ወዲህ ገደሉን መውረድ አልቻለችም። ቤታቸው ለላይኛው ምንጭ ቅርብ ስለሆነ የውሃው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማታል፤ ከመስማት ግን የከለከላት የለም። አያ ዳለቻ ጧት ጧት እያነከሰ ገደሉን ይወርድና ሣር ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በጥርሱ ይዞ ያመጣላታል። እሷም ሣሩን ትመጠዋለች። ዳገቱ ረጅም፣ ፀሐዩም ብርቱ ስለሆነ ሣሩ ቤት ሲደርስ ግማሹ ደርቆ ነው።

«አንተ፣» አለችው አንድ ቀን፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ። «እኔ ምንጭ አጠገብ ተኝቼ በውሃ ጥም ልሞት ነው እንዴ? የጀግና ሚስት አይደለሁም?»

«ነሽ።»

«ታዲያ ሂድና ንገራቸዋ! የዘማቾቹን መዝገብ ያቃኑልህ። ተሸክመህ ተሸክመህ ዝምታንም እንደ ጭነት ለመድከው።»

እውነቷን ነው። ጅቦች ጫካውን በወረሩበት ጊዜ እመት ቦራና የበግ ግልገሎች አንዲት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ተወሽቀው ነበር። አያ ዳለቻ የዋሻውን አፍ በገላው ዘጋ። ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጎ፣ የመጣውን ጅብ ሁሉ በኋላ እግሮቹ ሲጠልዝ አደረ። ጭኑን ቦጨቁት፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሊነጋጋ ሲል ጅቦቹ እያነከሱ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። እነሱ ከሄዱ በኋላ አውራ ዶሮ ዛፍ ላይ ሆኖ «ኩኩሉ!» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ በዚያ ጫካ ግን ውሻው አስቀድሞ ሸሽቶ ስለነበር ሥራውን ዶሮ ሠራለት።

የጫካው ደንብ ደግሞ እንዲህ ነበር። ከጦርነት በኋላ ዘማች ሁሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይፎክራል፤ ጸሐፊው ጋሽ ዝንጀሮም የፎከረውን እንደፎከረው ይመዘግባል። ያልፎከረ አልዘመተም። አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ፣ «ሌሊቱን ያነጋሁት፣ ጅቡን በድምፄ የበተንኩት!» ብሎ ፎከረ። ሻለቃ ተባለ፤ ኒሻንም ተንጠለጠለለት። ሙክቱ በግ፣ «ዋሻ ውስጥ ገብቼ ግልገሎቹን ያጽናናሁት!» ብሎ ፎከረ፤ መቶ አለቃ ተባለ። አያ ዳለቻ ያን ሰዓት ቁስሉ እየደማ የተመላሾቹን ድንኳንና ድስት ተጭኖ ቆሞ ነበር። ጭነት ተሸክሞ የሚፎክር ማን አለ? ጋሽ ዝንጀሮ ከዕቃው ጋር አየውና ከዕቃው ጋር ጻፈው። ከድስት በታች፣ ከገመድ በላይ። ማዕረጉ ይኸው ሆነ።

እንግዲህ አያ ዳለቻ ሚስቱ እንዳለችው ተነሥቶ ወደ መዝገብ አራሚ ኮሚቴ ሄደ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ዝንጀሮ! ስህተቱን የጻፈው ራሱ ስለሆነ ከሱ በላይ ስህተቱን የሚያውቅ አይገኝም ተብሎ ነው የተመረጠው። በቀኙ ሻለቃ አውራ ዶሮ፣ በግራው መቶ አለቃ ሙክት ተቀምጠዋል።

«ጌቶቼ፣» አለ አያ ዳለቻ ጆሮውን ጥሎ። «እኔ ዘማች ነኝ እንጂ ዕቃ አይደለሁም። ኒሻኑስ ቢቀርም ይቅር፤ ነገር ግን ያለ ማዕረግ ከላይ አያስጠጡም፣ ሚስቴም በውሃ ጥም ልትሞትብኝ ነው።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልፎከርክም?» አለ ሻለቃ።

«ተጭኜ ነበር።»

«አሁንማ ፉከራው ቀዝቅዟል፣» አለ ሙክት እያመሰኳ።

«ይሁን፣ ለደንቡ እንጠይቀው፣» አለ ጋሽ ዝንጀሮ። «መቼም እኔ ራሴ ያን ሌሊት ገደሉ ጫፍ ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ።»

የአያ ዳለቻ ጆሮ ቀጥ አለ። «አይተውኛል? ተመስገን! እንግዲያ ይመስክሩልኛ!»

«እመሰክራለሁ እንጂ። ጅቦቹ ሲመጡ ጀርባህን ሰጥተሃቸው ነበር ወይስ አልሰጠሃቸውም?»

«ሰጥቻቸው ነበር። ግን እኮ ጌታዬ፣ አህያ ሲዋጋ...»

«ለጠላት ጀርባውን መስጠቱን አምኗል፣» አለና ጻፈ ጋሽ ዝንጀሮ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! አህያ የሚራገጠው በኋላ እግሩ ነው! እናንተ ደግሞ ይህን ታጡታላችሁ? በቃ ሚስቴን ጠይቋት፤ ዋሻው ውስጥ ነበረች። ይኸው በሕይወት አለች!»

«ሚስት ለባሏ አትመሰክርም፣» አለ ሻለቃ። «በሕይወት መኖሯም ቢሆን መትረፏን እንጂ ማን እንዳተረፋት አያስረዳም።»

አያ ዳለቻ ወደ ሙክቱ ዞረ። «መቶ አለቃ፣ እርስዎም እኮ እዚያው ዋሻ ውስጥ ነበሩ።»

«ነበርኩ፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣» አለ ሙክት። «ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

ጋሽ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቶቻችን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብለዋል። አንተ አስጥያለሁ ትላለህ። እንግዲህ ወይ አንተ ዋሽተሃል፣ ወይ አባቶች ዋሽተዋል። የትኛውን እንጻፍ?»

በአያ ዳለቻ ላይ፣ በገዛ ሚስቱ ፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲተረትበት የኖረ ተረት፣ ዛሬ ደግሞ ዳኛ ሆኖ ፈረደበት። አባቶች ዋሹ እንዳይል አሳዳጊ የበደለው ይባላል፤ ዋሸሁ እንዳይል ጭኑ ላይ ያለው ጠባሳ ያሳክከዋል።

«ዓይኑን ሳይጨፍን ያየኝ ምስክር ባመጣስ?» አለ በመጨረሻ።

«አምጣ፣» አሉት፤ እንደማያገኝ እርግጠኛ ስለነበሩ።

ዓይኑን ሳይጨፍን ያየው ማን ነበር? ጅቡ ነዋ! እርቅ ከወረደ ቆይቷል፤ ጅብም አርጅቶ በጉድጓዱ አፍ ፀሐይ ይሞቃል። አያ ዳለቻ ፈራ ተባ እያለ ሄደና ችግሩን ነገረው። አያ ጅቦ በጠማማ መንጋጋው እያላመጠ አዳመጠው።

«እመጣለሁ፣» አለ ሳያቅማማ። «ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። ጅብ በዶሮ ጩኸት ሸሸ እየተባለ የልጅ ልጆቼ ሲሰደቡ መስማት አንገሽግሾኛል። በአህያ መመታት እንኳ ይሻላል።»

አያ ጅቦ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ሦስቱም ብድግ አሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ ግን ጠንቅቀው በሚያውቁት አገር፣ ሳይጠይቅ ተነጠፈለት። ያነጠፈው ሙክቱ ነው፤ የማን ቁርበት እንደሆነ ባንጠይቅ ይሻላል።

«ይህን መንጋጋ ታያላችሁ?» አለ አያ ጅቦ። «የሰበረው የዚህ አህያ ኮቴ ነው። ዋሻውን ዘግቶ አላስገባ ያለንም እሱ ነው። ዶሮ የሚባል ነገር ስንሸሽ አልሰማንም። ከዚያ ወዲህ አጥንት መቆርጠም አልቻልኩም፤ ለስለስ ያለ ሥጋ ካላገኘሁ ጦሜን ነው የማድረው።» ይህን ሲል ሻለቃ አውራ ዶሮን ትክ ብሎ አየው። ሻለቃም ኒሻኔን አደነቀልኝ ብሎ ደረቱን ነፋ።

ኮሚቴው ተመካከረ። ጋሽ ዝንጀሮ ውሳኔውን አነበበ።

«የአያ ጅቦ መንጋጋ በጦርነቱ መሰበሩ በሚገባ ተረጋግጧል። ስለሆነም የጦር ጉዳተኛ በመሆናቸው የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው ከላይኛው ምንጭ እንዲጠጡ ተወስኗል። መንጋጋውን አያ ዳለቻ ሰበረ የተባለው ግን ከተረቱ ጋር ስለሚጋጭ አልተረጋገጠም። ጠላት የነበረ ወገን ለምን እንደመሰከረለትም ወደፊት ይጠየቅበታል። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ርኅሩኅ ስለሆነ መዝገቡ እንዲታረም ተደርጓል። ከድስት በታች የነበረው ከእንግዲህ ከድስት በላይ ሆኗል።»

ተጨበጨበ። አያ ጅቦ እንኳ አፍሮ መሬት መሬት አየ፤ ጅብን ማሳፈር ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

«እህ፣ እንዴት ሆነ?» አለችው እመት ቦራ ቤት ሲገባ።

«ከድስት በላይ ሆንኩ።»

«ውሃውስ?»

«እሱ የለም።»

እመት ቦራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የጅብ ጥርስ ያላስለቀሰው አያ ዳለቻ ያን ዕለት አለቀሰ።

ሻምበል ጅብም ከጀግኖቹ ጋር ሜዳው ላይ ይጠጣ ጀመር። ሻለቃ አውራ ዶሮ አጠገቡ እየቆመ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋው ይተርክለታል። ሻምበል ያዳምጣል፣ ምራቁን ይውጣል። ውሃ ደግሞ መቼም ለጅብ ቁርስ አይሆንም። አንድ ጧት አያ ዳለቻ ከገደሉ ሥር ሣሩን ሲነክር፣ ከላይ የክንፍ መንፈራገጥና ጩኸት ሰማ። ቀና ቢል ጅቡ ሻለቃን በጠማማ መንጋጋው ይዞታል።

«አያ ዳለቻ! ኧረ ድረስልኝ! አስጥለኝ!»

የአያ ዳለቻ የኋላ እግር ሳያዘው ብድግ አለ። ልማድ ነዋ። ከዚያም ቀስ አድርጎ መልሶ አወረደው።

«አይ ሻለቃ!» አለ ከታች ሆኖ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብለው ፈርመዋል እኮ። አሁን ለእርስዎ ስል አባቶችን ዋሹ ልበል?»

ሻለቃ በሁለት ጉርሻ አለቀ። ጅቡ እንደተመኘው ለስለስ ያለ ሥጋ ነበር።

የቀሩት ጀግኖች ጀርባቸውን ለጅብ ሰጥተው ተፈተለኩ። እነሱስ በኋላ እግር አይዋጉም! ሙክቱ ዓይኑን እንደጨፈነ ሮጦ ከግንድ ጋር ተጋጨ። ጋሽ ዝንጀሮ መዝገቡን ታቅፎ ከምንጩ አጠገብ ካለው ዋርካ ጫፍ ላይ ወጣ። ሜዳው ጭር አለ።

አያ ዳለቻ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ገባ። እመት ቦራን በትከሻው ደግፎ አስነሣት፤ ቀስ እያሉ ወደ ላይኛው ምንጭ ሄዱ። ጅቡ ላባውን ከአፉ እያራገፈ ዞር ሲል አያቸው። አያ ዳለቻን ለይቶ አወቀውና መንጋጋውን ዳበስ አድርጎ ፈቀቅ አለላቸው። እመት ቦራ አፏን ከጥሩው ውሃ ውስጥ ከታ ጠጣች። ጠጣች፣ አረፈች፣ ደግማ ጠጣች።

«ኧረ እናንተ!» የሚል ድምፅ ከዋርካው ጫፍ መጣ። «ያለ ማዕረግ እዚያ መጠጣት ክልክል ነው!»

አያ ዳለቻ ጀርባውን ለጅቡ ሰጥቶ ከሚስቱ አጠገብ እንደቆመ ሽቅብ አንጋጠጠ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሽ ዝንጀሮ፣» አለ። «ይውረዱና ይመዝግቡኛ!»