ቤትሽን ንቀይ

ድሮ ሰው ደግ ነበር እያሉ የሚተርኩልኝ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል። ክፋት ትናንትና በአውቶብስ ተሳፍሮ የገባ ይመስላቸዋል። እኔ ድሮን አውቀዋለሁ። ኖሬበታለሁ፣ ልብስ ሰፍቼበታለሁ፣ ከነሽታው አስታውሰዋለሁ። ደግ ሰው አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ግን ደጉ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሮጠው ምን ለማቃናት እንደነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ክፉው ሰው ከቁርስ በፊት ያበላሸውን ለማቃናት ነበር።

እናንተ የዛሬ ተከራዮች አከራያችሁ መጥቶ «ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን ልቀቁልኝ» ሲላችሁ ሰማይ የተደፋባችሁ ያህል ትደነግጣላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ያስደነግጣል። ግን እናንተ «ልቀቁ» ነው የተባላችሁት። በእኛ ጊዜ የሚባለው «ንቀሉ» ነበር። መሬቱ የባላባቱ፣ ቤቱ የአንተ ነው። መሬቱን በዓመት ኪራይ ትይዝና ጉድጓድህን ራስህ ቆፍረህ፣ ምሰሶህን ራስህ አቁመህ፣ ሣርህን ራስህ ከድነህ ትኖራለህ። ከዚያ አንድ ቀን ባላባቱ መሬታቸው ይናፍቃቸዋል። ያን ጊዜ «ቤትህን ንቀልና ሂድ» ትባላለህ። ቤት እንደ ካሮት በቅጠሉ ተይዞ የሚጎተት ይመስል።

ይህን ቃል በደንብ የሰማሁት ቡታጅራ ነው፣ በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት። ከወልቂጤ አጎቴን ተከትዬ ሄጄ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ነበር። ከሱቁ ጀርባ እትዬ ሩቂያ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ሽኩር ለንግድ ቆላ ወርዶ ቆሼ በምትባል ከተማ በኩል ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ልጅ አልነበራቸውም። የተወላት አንዲት ክብ የሣር ቤትና እናቱን ነው። እናቱ እማማ ሐዋ እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ የዋሉ፣ አፋቸው ግን ገበያ የሚያዳርስ ሴትዮ ነበሩ። እትዬ ሩቂያ ለነጋዴዎች በርበሬ እየቀነጠሰች አማቷን ታስተዳድራለች። ጣቶቿ ሁልጊዜ ስለሚያቃጥሉ ዓይኗን እንኳ የምታብሰው በክርኗ ነበር። የመሬቱን ኪራይ አንድም ዓመት አሳልፋ አታውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን መንገዱ ሊሠራ ነው፣ የመኪናው ብዛት ለጉድ ሊሆን ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ባላባቱ ፊታውራሪ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ የልጅ ልጆቻቸው ጨዋ ሰዎች ናቸው። ፊታውራሪ ወሬውን እንደሰሙ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሆቴል ታያቸው። ሆቴሉ የታያቸው ደግሞ ልክ የእትዬ ሩቂያ ቤት የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ከተማው ሙሉ ባዶ ሜዳ ነበር እኮ። ወኪላቸው በበቅሎ መጥቶ፣ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ ክረምት ሳይገባ ቤትሽን ንቀይ አላት። እሷ ግብሬን ከፍያለሁ ብትለው፣ ግብርሽን ማን ጠየቀሽ፣ የተፈለገው መሬቱ ነው ብሏት በቅሎውን አዞረ።

ጎረቤቶቿ ተከትለናት ዳኛ ፊት ቀረብን። ዳኛው ግራ ቀኙን በጥሞና ሰምተው፣ መሬቱ የባለመሬቱ ነው፣ ቤቱ የሴትዮዋ ነው፣ ስለዚህ ቤቷን ይዛ መሄድ ትችላለች፣ ማንም አይከለክላትም ብለው ፈረዱ። አያችሁ፣ አንድ ሰው ቢጮህባት፣ ቢሰድባት ንዴቴ በወጣልኝ ነበር። ፍርዱ ግን ትሕትና ነበረበት። መብቷን ያስከበሩላት ይመስል ነበር። እስከዛሬ የሚያበግነኝ ያ ነው።

የሰፈራችን የእድር ዳኛ አቶ ዘርጋ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። እድርተኛው እስላምም ክርስቲያንም ነው። አቶ ዘርጋ ሰውን ሰብስበው የእትዬ ሩቂያን ነገር ቢያነሱ፣ ከመሃል አንዱ እድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው፣ በቁሙ ላለ ሰው የሚል ሕግ የለንም አለ። አቶ ዘርጋ ቆብ ያወልቁና ያጠልቁ የነበረው ሲናደዱ ነው። አውልቀው አጠለቁ።

«እንግዲያው ሜዳ ላይ እስክትሞት እንጠብቅና ድንኳን እንትከልላት?» አሉ። «ዛሬ ጣራ ብንተክልላት ድንኳኑ ይቀየመናል?»

እድሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቆመ ሰውም ሆነ።

መጀመሪያ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ወጣን፤ አቶ ዘርጋ፣ አንድ ሐጂ ጎረቤታችንና እኔ። እንግዲህ ድሮ ሰው ደግ ነበር የምትሉ፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን አቅርቡልኝ። አንደኛው አከራይ ባል የሌላት ሴት አላስገባም አለን። ሌላዋ ባል ባይኖራትም ግድ የለኝም ካለች በኋላ እማማ ሐዋን ልታይ መጥታ አልጋቸው ላይ ባየቻቸው ጊዜ ሐሳቧን ለወጠች፤ ሬሳ የሚወጣበት ቤት ሁለተኛ ተከራይ አያገኝም አለችን። እማማ ሐዋ ይህን ስትናገር ሰምተዋታል። ሴትዮዋን ጠርተው፣ የእሷ ቤት ሰው የማይሞትበት ከሆነ ኪራዩን አስወድዳ ለሀብታም እንድታከራየው መከሯት። ብቻ ሰው ሁሉ ደህና አድርጎ አዘነ። ሲያዝን ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ነው።

መሬት የሰጠን ያላሰብነው ሰው ነው። አያ ገብሬ የሚባል ገበሬ ከከተማው ጫፍ ትንሽ የአባት ርስት ነበረው። ኮት ሊያስጠብብ እኔ ዘንድ መጥቶ ወሬውን ሰማ። ዝም ብሎ አዳመጠና፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባለው ጥግ ላይ ብትሆን ምን ይጎዳኛል ብሎ ሄደ። ወንድሞቹ ግን ተጎዱ። ማታውኑ ከበው፣ ባዕድ አስገብተህ ነገ ድርሻ ብትልህ ምን ትሆናለህ አሉት። በማግስቱ ተጨንቆ መጣ፤ እንቢ ማለትም አልሆነለትም፣ እሺ ማለትም ቤቱን ሊበጠብጥበት ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሐጂው በአንድ ወገን፣ የአያ ገብሬ የንስሐ አባት በሌላ ወገን ሆኑ። ወንድሞቹን ያሰጋቸው እትዬ ሩቂያ መሬቱን እንዳትሸጠውና እንዳታወርሰው ስለነበር አቶ ዘርጋና እኔ ለዚያ ዋስ ሆንን። ቀጥሎ አቶ ዘርጋ ለእኛም ዋስ ያስፈልገናል አሉ። እሷና አማቷ በሕይወት እስካሉ ድረስ ከወንድማማቾቹ ማናቸውም ንቀይ እንዳይሏት አስማሉ። ታናሽየው ትንሽ አንገራገረ። የንስሐ አባቱ ፊቱን አየት አደረጉት፤ ማለ። ሰውን ቤት ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ከገባበት እንዳይወጣ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ቤቱን የነቀልነው በጠዋት ነው። ግድግዳውን ፈታን፣ ማገሩን አሰርን፣ ክዳኑን ከነወጋግራው በሙሉ አንስተን ልንሸከመው ከሥሩ ገባን። የመስጊድ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በርበሬ የሚጭኑት ወዛደሮች ሁሉ ነበሩ። ልናነሳው ስንል እትዬ ሩቂያ ጮኸች፤ እማማ ሐዋ ገና ከክዳኑ ሥር ናቸው። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አልወጣም ብለዋል። ክዳኑ ብድግ ሲል የጠዋት ፀሐይ ድንገት ፊታቸው ላይ አረፈች። ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው ወደ እኛ ቀና አሉ።

«ዳኛው ስለኔ ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁ። «ከመሬቱ ጋር ነኝ ወይስ ከቤቱ?»

«ከቤቱ ጋር ነዎት፣ እማማ» አሉ አቶ ዘርጋ።

«እንግዲያው አንሱኝ።»

ከነአልጋቸው አነሳናቸው። በዋናው መንገድ ከፊት ክዳኑ፣ ከኋላ እማማ ሐዋ፣ ከእሳቸው ኋላ እትዬ ሩቂያ ምጣዷንና ድስቷን ተሸክማ ሄድን። የሚያየን ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ነገሩ ሲገባው ይተዋል፣ ከዚያ ከክዳኑ ሥር ይገባል። ሦስት ዓይነት ሰው በአንድ ሰው ውስጥ ሲያልፍ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊታውራሪ በረንዳቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ባርኔጣቸውን አነሱልን። ለቀብር የምናልፍ መስሏቸው ይሁን ለሌላ፣ አላውቅም።

ቤቱ አያ ገብሬ ዘንድ ቆመ። ክዳኑ ግን በመንገድ ተጎድቶ ነበር፤ ሣሩ ረግፎ ሰማይ ያሳይ ጀመር። አቶ ዘርጋ ከእንሴኖ በኩል ሣር እንዲመጣ ላኩ። እኛ ይህን ስናስብ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የፊታውራሪ ወኪል በበቅሎው። እትዬ ሩቂያ ቤቷን ስትነቅል የተወቻቸውን የምሰሶና የግድግዳ ጉድጓዶች አልደፈነችም፤ መሬቱን አበላሽታለችና መጥታ ትድፈን፣ አለዚያ ትከሰሳለች አለ።

እውነቴን ነው። ቤቷን አስነቅለው ጉድጓዱን ጠየቋት።

ያኔ እኔ የምሆነው ጠፍቶኝ ነበር። መቀሴን ወርውሬ ፊታውራሪ ቤት ልሄድ ስል ሐጂው ያዙኝ። እትዬ ሩቂያ ግን አልደፍንም አለች፣ ያውም ዝግ ባለ ድምፅ። ተከሰሰች፤ እዚያው ዳኛ ፊት ተመልሰን ቀረብን። ችሎቱ ሰው በሰው ሆነ። ዳኛው ለምን አልደፈንሽም ሲሏት፣ አማርኛዋ የሚሰባበረው ሴትዮ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለች።

«ጌታዬ፣ የኔ የሆነውን ውሰጂ ብለውኝ ወሰድኩ። ጉድጓዱ የኔ ከሆነ ከሳቸው መሬት ላይ ምን ይሠራል? የሳቸው ከሆነ ደግሞ የሰው ጉድጓድ ለምን እደፍናለሁ?»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ወኪሉን አዩት፣ ጣራውን አዩት። በመጨረሻ ጉድጓድ ከመሬት ተለይቶ አይታይም፤ ስለዚህ ጉድጓዶቹ የባለመሬቱ ናቸው፣ ተከሳሽ የመድፈን ግዴታ የለባትም ብለው ፈረዱ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ዘርጋ ቆባቸውን ከማውለቅና ከማጥለቅ አልፈው ወደ ላይ ወረወሩት። ፊታውራሪ ጉድጓድ ተፈረደላቸው እየተባለ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። እኔም ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ እትዬ ሩቂያን ፈለግኋት። ከችሎቱ ደጅ ብቻዋን ቆማ ነበር። ረታሽ እኮ፣ ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

«ሽኩር ነው የቆፈረው» አለች። «ነፋስ እንዳይጥልብን ብሎ፣ ሰው እየሳቀበት እስከ ደረቱ ድረስ ወርዶ ነበር የቆፈረው። እሱንም ወሰዱት።»

ሳቁ ከኋላዬ እንደቀጠለ ነበር። እሷ ነጠላዋን አጣፋችና ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ደመናው ከበድ ብሏል።

«የእንሴኖው ሣር ደርሷል ተብሏል» አለች። «ሳይረጥብ እንሂድ።»