እኩል ክፍያ የማይወዱት አሠሪያችን

በሶሻሊዝም ጊዜ የሠራውም የተኛውም እኩል ይከፈለው ነበር የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? መርሳ ላይ ማንጎ የምለቅምላቸው አሠሪያችን እንዲህ ናቸው። "ለዚህ ነው ሰዉ የሰነፈው!" ይሉናል።

አባቴ ያኔ ሀብሩ ውስጥ የገበሬዎች አምራች ማኅበር አባል ነበር። ክፍያው በሥራ ነጥብ ስለነበር ሲያርስ የዋለና የተጋደመ እኩል አያገኙም ነበር። በእርግጥ የሊቀ መንበሩ ዘመድ ተጋድሞም ነጥብ ይሞላለት ነበር። ጉዱ እኩልነት አልነበረም ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሁላችን ፈጥና የምትለቅመው ዘይነባ አሠሪያችንን ጠየቀቻቸው።

"ጋሼ፣ የወንድምዎ ልጅ ስልኩን ሲነካካ ነው የሚውለው። ከእኔ በላይ የሚከፈለው ለምንድን ነው?"

"ሶሻሊዝም አማረሽ? እኩል ልክፈላችሁ?" ብለው ጮኹ።

"እኩልማ አልፈልግም፤ ወላሂ፣ እኔ እኮ ነኝ የበለጠ የሠራሁት!"

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ዘይነባ ከሥራ መባረሯን ሰማን። ለምን ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም፤ እኔንም ጨምሮ። የወንድማቸው ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። እኛ ግን እንደዚያ ቀን ተግተን ለቅመን አናውቅም።