አንዲት የቀረች ሳንቲም

ሐኪም የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ የትራፊክ መብራት የሌለውማ ስፍር ቁጥር የለውም። የተመለሰለትን ዝርዝር ሳያገላብጥ ኪሱ የማይከት ሽማግሌ የሌለው ከተማ ግን በኢንዲያና ምድር ገና አልተቆረቆረም። እርስዎም ያውቁታል። አይስክሬምዎ እጅዎ ላይ እየቀለጠ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ከፊትዎ ቆሞ አራት ሳንቲም አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን የሚያነሣው እሱ ነው። "ትንሽ ታገሡኝ" ይላል። ትንሽ የሚላት ነገር ትንሽ ሆና አታውቅም።

የእኛ ከተማ የማርሎው ፎርኩ ክቡር አቶ ዴልበርት ሆስቴትለር ይባላሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ሠርተዋል። አንገታቸው ላይ በጫማ ማሰሪያ የተንጠለጠለች አጉሊ መነጽር አለች፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ቀብርም፣ ጥርስ ሐኪምም ዘንድ ይዘዋት ነው የሚሄዱት። የሚፈልጉት አሮጌ ባለ አንድ ሳንቲም ነው፤ ጀርባዋ ላይ ሁለት የስንዴ ዛላ ያለባትን፣ ከአሥራ ዘጠኝ ሃምሳ ስምንት ወዲህ መቀረጽ ያቆመችውን። እንዲህ ዓይነቷን ሲያገኙ "ስንዴ!" ብለው ይጮኻሉ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው ይደነግጣል።

በቤተ ክርስቲያናችን የመባ ሳህን አዟሪ ነበሩ፤ ነበሩ ነው የምለው። አንድ እሑድ መዝሙሩ አልቆ፣ ኦርጋኑ ዝም ብሎ፣ ሳህኑ ሦስተኛው ወንበር ጋ እንደቆመ ቀረ። ክቡርነታቸው ሳህኑ ላይ አጎንብሰው፣ አምስት ዶላር አስቀምጠው አንዲት ሳንቲም እያነሡ ነበር። ቄሱ ከመድረክ ሆነው "ወንድም ዴልበርት፣ ጌታ እየጠበቀ ነው" አሏቸው። "ጌታማ ታጋሽ ነው" ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ኮት መስቀል ሆኗል። የኮቶቹን ኪስ ይፈትሻሉ የሚል ሐሜት ነበር፤ እኔ አላመንኩም። ቄሱ ግን ዝርዝራቸውን ወደ ሱሪ ኪሳቸው አዛወሩ።

እኔ ራሞና እባላለሁ፤ በከተማችን ባንክ መስኮት ሃያ ስድስት ዓመት ገንዘብ ስከፍል የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ክቡርነታቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በሩ ሲከፈት፣ እሳቸው በሩ ላይ ናቸው። "አንድ ካርቶን፣ ልጄ" ይሉኛል። አንድ ካርቶን ማለት ሃምሳ ጥቅል፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሳንቲም ማለት ነው። ቤታቸው ወስደው አንድ በአንድ ያዩዋቸዋል፤ ስንዴዎቹን ያስቀራሉ፣ የቀረውን ይመልሳሉ። ለእኛ ግን አይመልሱም። በሳንቲም ፈላጊዎች ሕግ፣ ሳንቲም ከወሰዱበት ባንክ መመለስ ነውር ነው፤ ያየኸውን መልሰህ ልታይ ነዋ። ስለዚህ አሥራ ስምንት ማይል ነድተው የሚቀጥለው ከተማ ባንክ ያራግፉታል። እዚያ ያለችዋ ገንዘብ ከፋይ መኪናቸውን ስታይ ምሳ ትወጣለች ይባላል።

አንድ የጸደይ ወቅት ክቡርነታቸውን ዕድል ፈጽሞ ከዳቸው። ሦስት ካርቶን ሙሉ አንዲት ስንዴ እንኳ አልተገኘም። በአራተኛው፣ ካርቶኑን እዚያው መስኮቴ ላይ ከፈቱትና አንዱን ጥቅል አንሥተው በአጉሊ መነጽራቸው አዩት። የጥቅሉ ወረቀት ጫፍ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ነበረች። አይተው በጨረሱት ጥቅል ላይ የሚያደርጓት፣ የራሳቸው እስክሪብቶ ነጥብ ናት። ያራገፉበት ባንክ ሳንቲሙን ለገንዘብ ማመላለሻው መኪና ይሰጣል፤ መኪናው ለእኛ ያመጣል፤ እኛ ለእሳቸው እንሰጣለን። ለአንድ ወር ያህል የገዛ ሳንቲሞቻቸውን ሲፈትሹ ከርመዋል።

"ቢያንስ ተዋውቀናል" አሉና ካርቶኑን ተሸክመው ወጡ።

አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝብኝ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁላቸው፤ ቤንዚኑን፣ ጊዜውን፣ መንገድ ላይ የሚበሉትን ዶናት ጭምር። "አቶ ዴልበርት፣ በሰዓት አሥራ አንድ ሳንቲም ነው የሚያገኙት። ይሄ ነገር ያዋጣል?"

"የባንካችሁ ሥራ አስኪያጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልፍ ይጫወት የለ እንዴ?"

"አዎ፣ ይጫወታል።"

"በሰዓት ስንት ያገኛል?"

ወረቀቱን አጣጥፌ መሳቢያ ከተትኩት። ሲወጡ እንደ ልማዳቸው "በሚቀጥለው ጥቅል ውስጥ ናት" አሉ። ማን እንደሆነች ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ያወቅሁት አንድ ማክሰኞ ሰማያዊ የካርቶን መያዣ ይዘው ሲመጡ ነው። ውስጡ ክብ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ዓመት ተጽፏል፤ ከአንዷ በቀር በየቀዳዳው አንዲት ሳንቲም ተጠቅጥቃለች። የባለቤታቸው የወይዘሮ አርሊን ነበር። አርሊን በልጅነቷ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነበረች፤ እሳቸው ደግሞ የማይበሉትን ከረሜላ ለመግዛት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመላለሱ ጎረምሳ። ካዝናዋ ውስጥ ያገኘቻትን አሮጌ ሳንቲም በሌላ ሳንቲም ቀይራ ታስቀምጥና፣ ሲመጡ "እስቲ ይቺ አለችን?" ትላቸዋለች። መያዣውን በዚህ መንገድ ጀመሩት፤ ተጋብተውም ቀጠሉ። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፤ "የተገዛ አይቆጠርም። እጃችን ላይ ራሷ መምጣት አለባት።" ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስታርፍ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀርታ ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ሠላሳ አንድ የተቀረጸችዋ፣ ከዓመቱ ሥር የተሠራችበትን ቦታ የምትጠቁም "ኤስ" የምትል ፊደል ያለባት።

"ሞልቼ ላሳያት ነው የምፈልገው" አሉኝ። "በምን በኩል እንደማሳያት አላውቅም። እሱን ስሞላ አስብበታለሁ።"

እኔ መስኮቴን "ተዘግቷል" ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ሐኪሙ አይመለስም አላቸው። "ዳር ዳሩን አያለሁ፤ መሐሉን ነው የወሰደብኝ" አሉኝ። "ችግሩ፣ ሰው ማየት የሚፈልገው ነገር ሁሉ መሐል ላይ ነው።" ስለዚህ በጆሮ መለየት ጀመሩ። የድሮው ሳንቲም መዳብ ነው፤ የአሁኑ ዚንክ። ጠረጴዛ ላይ ሲጥሏቸው "መዳብ ይዘምራል፤ ዚንክ ጉሮሮውን ይጠራርጋል" ይላሉ። የዘመረውን ብቻ ለይተው በአጉሊ መነጽሩ ሲታገሉ ይውላሉ። ግን ትግሉ ቀን በቀን እየረዘመ ሄደ። ሠላሳ አንዷ ብትመጣ እንኳ ሳያውቋት አልፋ ትሄዳለች ብዬ ሰጋሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ዶሪን ገንዘብ አዋጥተን ፎርት ዌይን ከተማ ካለ የሳንቲም ነጋዴ ሠላሳ አንዷን ገዛናት። ስትመጣ ጠቁራ፣ ተጎሳቁላ አሳዘነችኝ። እኔ ደግሞ ለሰው የሚሰጥ ነገር ይታጠባል ተብዬ ነው ያደግሁት። ኮምጣጤና ጨው ውስጥ ዘፈዘፍኳት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፣ አብረቀረቀች። ከዚያ አንዱን ጥቅል ፈትቼ መሐሉ ከተትኳት፤ መልሼ ጠቅልዬ ማክሰኞ ከካርቶናቸው ጋር ሰጠኋቸው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳንቲሟን መስኮቴ ላይ አስቀመጧት።

"ይቺን ማነው ያጠባት?"

ዶሪን ማተሚያው ወረቀት ጨረሰ ብላ ወደ ጓሮ ተሰወረች።

"ሐሙስ ሙሉ ቀን በዓይኔ ጠርዝ ሳነባት ዋልኩ" አሉ። "ሠላሳ አንድ። ኤስ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ መቃብሯ ዘንድ ልሄድ ተነሣሁ። ደጅ ስወጣ ፀሐይ ላይ አየኋት። ቀለሟ የሕፃን ተረከዝ ነው የሚመስለው! ይሄን ያህል ዘመን በሰው ኪስ የዞረች ሳንቲም እንዲህ ትነጻለች? ስንት አስከፈሏችሁ?"

"ዘጠና አምስት ዶላር" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"ከታጠበች በኋላ ሃያም አታወጣ። በምን ነው ያጠብሻት?"

"በኮምጣጤ። ትንሽ ጨውም አለበት።"

"ጨውም!" አሉ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው መስኮቱን ተደግፈው። ከዚያ ሳንቲሟን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። የአርሊንን ሕግ ታውቂዋለሽ።"

ከዚያ በኋላ ሦስት ማክሰኞ ቀሩ። በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ሲከፈት በሩ ላይ ማንም የለም። ስንት ዓመት የተማረርኩባቸው ሰውዬ መስኮቱን ባዶ አደረጉብኝ። እሮብ እሮብ ባንካችን እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ በአራተኛው ሳምንት ካርቶኑን መኪናዬ ላይ ጭኜ ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር።

"ማነው?"

"ራሞና ነኝ። ካርቶኑን አምጥቻለሁ።"

"ምን ላደርገው? አላያቸውም እኮ።"

"እኔ አነብልዎታለሁ" አልኩ፤ ምን ውስጥ እንደገባሁ ሳላውቅ።

የመጀመሪያውን ጥቅል ፈታሁ። "ስድሳ አራት" አልኩ።

"መኪና የገዛንበት ዓመት" አሉ። "ማሞቂያ አልነበራትም። እናቷን ልንጠይቅ ስንሄድ አርሊን የሞቀ ውኃ በጠርሙስ እግሯ ሥር ትይዝ ነበር።"

"ሰባ ስምንት።"

"ያ በረዶ! በመስኮት ወጥተን ነው በሩን ከውጭ የቆፈርነው። እሷ በሳቅ መቆፈር አቅቷት በረዶው ላይ ተቀመጠች።"

"ስድሳ ዘጠኝ።"

"ወንድ ልጅ ነበረን" አሉ። "ሦስት ቀን። ቀጥዪ።"

እሮብ እሮብ እንዲህ ሆነ። እኔ ዓመቱን እጠራለሁ፣ እሳቸው ዓመቱን ይከፍቱታል። አርሊን ያረፈችበት ዓመት ሲመጣ ብቻ እጃቸውን ዘርግተው ሳንቲሟን ይቀበሉኝና ያነበብነውን ወደምንጥልበት ባልዲ ራሳቸው ይጥሏታል። ናፍቆት በጥቅል በጥቅል ሲፈታ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ቤቴ ስገባ ጉሮሮዬ ይደርቃል፤ እሮብ እስኪመጣ ደግሞ ቀኑ ይረዝምብኛል።

በመከር ወቅት የዓይናቸው ብርሃን ፈጽሞ ሄደ። መብራት መብራቱንና መጥፋቱን አይለዩም። አንድ እሮብ ጥቅሉን ልፈታ ስል "ራሞና፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሳልሞት የምትመጣ ይመስልሻል?" አሉኝ።

የታጠበችዋ ሳንቲም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። አሁን ቀለሟን አያዩም። አወጣኋት። ከጥቅሉ ሳንቲሞች ጋር ልቀላቅላት ስል ከጣቴ አመለጠችና ጠረጴዛው ላይ ያለ ሳህን ጠርዝ ላይ ወደቀች፤ ዘመረች።

ቀና አሉ። ያንን ፊት አልረሳውም። "መዳብ!" አሉ። "ስንት ናት?"

እጃቸው ቀድሞ ሰማያዊው መያዣ ላይ ደርሷል፤ ጣታቸው ባዶዋን ቀዳዳ ሳትፈልግ አገኘቻት። ሠላሳ አንድ፣ ኤስ፣ ብል አንዲትም ፊደል አልዋሸሁም። ሰውየው ንጹሕ ሸሚዛቸውን ይለብሳሉ፤ እኔ እጃቸውን ይዤ መቃብሩ ድረስ አደርሳቸዋለሁ። አፌን ከፈትኩ።

"የተገዛችዋ ናት፣ አቶ ዴልበርት።"

ጣታቸው ቀዳዳዋ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ መያዣውን ቀስ ብለው ዘጉት።

"ኮምጣጤዋ?"

"ኮምጣጤዋ።"

ሳቁ፤ በመሐረብ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። "ልትዋሺኝ ነበር" አሉ።

"ልዋሽዎት ነበር።"

"አርሊን ትወድሽ ነበር። ቀጥዪ።"

ከጥቅሉ ቀጣይዋን አነሣሁ። "ሰማንያ ሰባት።"

ሰማንያ ሰባትን ብዙ ጊዜ ስለነገሩኝ ጣራው ያፈሰሰበት ዓመት እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ። አሁን ግን ጣራውን አላነሡም። "አንቺስ?" አሉኝ። "አንቺ በሰማንያ ሰባት የት ነበርሽ?"

በዚያ መስኮት ሃያ ስድስት ዓመት ስቀመጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ክሊፍተን ስለሚባል ልጅ ነገርኳቸው። በሩቁ ምዕራብ ኦሪገን የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሥራ አግኝቶ፣ ሁለት የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ በራችን ላይ መጣ። እናቴ ታማ ነበር። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ አልኩት።

"ከዚያስ?"

"ወሩ መጣ። እኔ አልሄድኩም።"

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እየዳበሱ እጄን አገኙት። ሳንቲሟን ወሰዱና አገላበጧት፤ ዚንክ ናት፣ ለእሳቸው ምንም አትረባም። ባልዲው ውስጥ አልጣሏትም። መዳፌ ውስጥ አስቀመጧትና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው።

"ይቺ ወደ ባንክ አትመለስም" አሉ።

ሠላሳ አንዷ እስከ ዛሬ አልመጣችም። ሰማንያ ሰባቷ ግን ከቤቴ ቁልፍ ጋር ኪሴ ውስጥ አለች፤ ሱቅ በገባሁ ቁጥር በስሕተት ለሰው እንዳልሰጣት እፈራለሁ።