የግራጫው አመልካች ጉዳይ

የመታወቂያ ጽሕፈት ቤታችን ሕግን ከሰው አስበልጦ በመጠበቅ ያተረፈው ገናና ስም ከቶ እንዳልጎደፈ የሚከተለው ጉዳይ በሚገባ ያረጋግጣል።

አንድ የጂኦግራፊ መምህር ጡረታ በወጡ ማግስት ጤናቸው አሳሰባቸው። ሻጩ «በሽታ የተባለን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣል» ያላቸውን፣ የብር ማዕድን ብናኝ የተበጠበጠበትን የብር ውሃ ጠዋት ማታ በማንኪያ ይጠጡ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ፊታቸው እንደ ዝናብ ደመና ግራጫ ሆነ። ሚስታቸው እየጎተቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው።

«የብሩ አዮኖች ከአንጀትዎ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ቆዳዎ ገብተዋል» አለች ሐኪሟ። «ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ ድሮ ፎቶ ወረቀት ይጠቁራሉ። መጠጣቱን ያቁሙ። የገባው ግን አይወጣም።»

«እሰይ!» አሉ ሚስት። «እኛ ቤት ገብቶ የማይወጣ ብር ገና ዛሬ አየሁ።»

መምህሩ ሳቅ አላማራቸውም። ልጃቸው ጎረቤት አገር ወልዳለች። የልጅ ልጃቸውን ለማየት ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱ ደግሞ የታደሰ መታወቂያ ያስፈልጋል። ፎቶ አንሺው አዘነላቸውና የቀድሞ መልካቸውን በኮምፒዩተር መለሰላቸው።

የመስኮት ሦስት ሠራተኛ ፎቶውን አየች፤ ቀና ብላ ሰውየውን አየች።

«አባባ፣ ፎቶው ትክክል ነው። ስህተቱ ፊትዎ ላይ ነው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«አስተካክለው ይምጡ።»

«ልጄ፣ ይኸው የሐኪም ማስረጃ። አይለቅም።»

«የማኅተሙ ቀለም ግን ለቋል።»

ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ በጥልቀት ከመከረ በኋላ፣ «አመልካቹ በፎቶው ላይ ካለው ግለሰብ ሕጋዊ ውክልና ያቅርቡ» ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

መምህሩ ውሳኔውን ይዘው ኃላፊው ቢሮ ዘው አሉ።

«የልጅ ልጄ ጥርስ አበቀለች እኮ! ስትዳር ልድረስ?»

ኃላፊው ተነሥተው በሩን ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ... ጉንፋን ይይዝዎታል?» አሉ።

«ዘንድሮ እንኳ አልያዘኝም። ሐኪሟ ግን በውሃው ምክንያት አይደለም ብላ...»

«የት ነው የሚሸጠው?»

መታወቂያው በአሥር ደቂቃ ታደሰ። መምህሩም ሄደው የልጅ ልጃቸውን ታቀፉ፤ ሕፃኗ ግራጫ አፍንጫቸውን ይዛ አልለቅም አለች።

ዓመት አለፈ። ኃላፊው ረጅም ፈቃዳቸውን ፀሐይ ሲሞቁ ከርመው ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲመለሱ፣ ጥበቃው በር ላይ አስቆማቸው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቢሮዬ ነዋ! ኃላፊህ ነኝ እኮ!» ብለው መታወቂያቸውን ዘረጉለት።

ጥበቃው ፎቶውን አየ፤ ፊታቸውን አየ፤ መታወቂያውን ደረት ኪሱ ከተተው።

«ይሄ የአለቃችን ነው፤ ሲመጡ አስረክባቸዋለሁ። እርስዎ መስኮት ሦስት ወረፋ ይያዙ።»