ወፍ ሁሉ በቀኜ ሲጮኽ

በይፋት ቆላ ወፍ በመስማት የሚበልጠኝ ሰው አልተወለደም፤ ከተወለደም ገና አፉን አልፈታም። ወፍ በቀኝ ከጮኸች መንገዱ ቀና፣ በግራ ከጮኸች ክፉ እንደሆነ ማን ያጣዋል? ችሎታው መስማቱ ላይ ነው! ለእኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ወፉ ሁሉ በቀኝ ነው የሚጮኽልኝ። ይህ ጸጋ ካልሆነ ምን ይባላል?

በጣሊያን ጊዜ ጎረቤቴ ዘይነባ ዱር ለገባው ባሏ የማሽላ ቂጣ ልታደርስ ፈልጋ፣ "ጋሼ፣ እባክዎ ወፉን ይስሙልኝ" አለችኝ። ሮቢ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ቆመን ዝናብ ሲደበድበን ረፈደ። በመጨረሻ አንዲት ወፍ ጮኸች።

"ቀኝ ነው! እንዲያውም እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ወንዙን እንደተሻገርን ከጣሊያን ወታደሮች ጋር ፊት ለፊት ተላተምን። ቂጣውን በልተው ሲያበቁ ጭቃ የዋጠውን ካሚዮናቸውን አስገፉን። ካሚዮኑ ተራራ ያህላል፤ ጭቃው እስከ ጢሜ ደርሷል።

ስንመለስ ዘይነባ፣ "ወላሂ፣ እኔስ በግራ ነበር የሰማኋት" አለች።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አዋቂው እርስዎ ነዎት ብዬ ነዋ! ይኸው ባሌ ዛሬም ጦሙን ሊያድር ነው።"

የግራ ጆሮዬማ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም።