ጭቃ የረገጡት የሰላምታ ሹም

ሰላምታ ደጋግሞ የሚያስደግም ሽማግሌ የሌለበት ከተማ የለም። በጃንሆይ ዘመን ይጁቤ ላይ ይህን ሹመት የያዙት አቡጀዴ ነጋዴው ሐጂ አብዱረዛቅ ነበሩ። ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ሰብሉን ሳይጠይቅ የጨርቅ ዋጋ የጠየቃቸው ገበያተኛ ወዮለት። "ውጣና ከደጅ ጀምር፤ ሰላምታ የማያውቅ ሰውና በሬ አንድ ነው" ይሉታል። አንድ ደብተራ በዚሁ አኩርፎ ጋቢውን ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዶ ገዝቷል ይባላል።

የአላህ ሥራ ግን አይታወቅም። የልጅ ልጃቸው ጠይባ ሰባት ዓመት ሞልቷት አፏን አልፈታችም፤ የሰው ዓይንም አታይም። ውላ የምታድረው ክር ስትደረድር ነው። ጎረቤቱ ዱዓና ጠበል ሲያዝ ሐጂ ዘዴውን ራሳቸው አገኙት። በእሷ ፋንታ ሰላም ይላሉ፣ በእሷ ፋንታም ይመልሳሉ። "ጠይባ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ደህና ነዎት? ብላለች።" ሳቅ ያመለጠው ሰው ጨርቅ አይሸጥለትም።

አንድ ክረምት ታናሽ ልጃቸውን ቀድሪያን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። የጠይባ እናት አስያ ቀድማ ተጨንቃ ነበር።

"አባባ፣ ልጄ ዛሬ እንኳ ጎረቤት ትዋል። ዘር ይጠየቃል፤ የእህቴ ዕድል ይዘጋል።"

ሐጂም ፈርተዋል። ቢሆንም "እንግዳ መጣ ተብሎ የቤት ሰው አይወጣም" አሉና ልጅቱን በሩ ሥር አስቀመጧት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አብዱልቃኒ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ "ደህና ነሽ፣ ልጄ?" አሏት። ሐጂ እንደ ልማዳቸው መለሱላት።

"እኔ ከእሷ አልሰማሁም" አሉ አብዱልቃኒ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ቀዘቀዘ። ሽማግሌዎቹ "እንመካከርበታለን" ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሲገቡ ተዝረክርኮ የቀረው ጫማቸው ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድሮ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ጠበቃቸው። ወገባቸው አልታዘዝ ያላቸው አብዱልቃኒ ሳያጎነብሱ እግራቸውን ከተቱ። ልጅቱን ትንሽ አዩዋት።

"አሁን ሰማሁ" አሉ። "ቀን ለመቁረጥ ለጁምዓ እንመለሳለን።"

የሐጂ ጫማ ብቻ ወደ ቤት ዞሮ ከጠይባ ትንሽ ኮንጎ ጫማ ጎን ተቀምጧል። እንግዳ እስከ አጥሩ በር አለመሸኘት ነውር ነው፤ ይህን ለከተማው ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ሐጂ ጫማውን አዩ፤ ልጅቱን አዩ፤ ድርድሩን ሳይነኩ በባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ።

"ሐጂ፣ ጫማዎስ?" አሏቸው አብዱልቃኒ።

"ቦታው ላይ ነው። ይልቅ ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ጠይባም ሰላም ብላለች።"